ያለ ጀሪካን የተመታ ጀሪካን

ፌኔት ደበሌ ከበሮ ትሠራለች። ቆዳ አትፍቅም፣ ግንድ አትቦረቡርም፣ ጠፍር አትጎትትም። ጥጉ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ከምንም ተነሥታ ነው የምትሠራው። «ከምንም የሚሠራው ሐሜት ብቻ ነው» የሚል ሰው ካለ የዚችን ልጅ ሥራ አላየም ማለት ነው።

አሠራሩን ለሚጠይቃት ሁሉ ስታስረዳ ሰው ግራ ይጋባል እንጂ ነገሩ ከወጥ አይከብድም። መጀመሪያ ማሽኑን አንድ ቀጥ ያለ ድምፅ አውጣ ትለዋለች፤ ጆሮ ሥር እንደገባች ትንኝ የሚነዝር፣ ለዛ ቢስ ነገር። እሱን ከላይ ወደ ታች በቅጽበት ስትጥለው «ድም» ይላል። ሌላም አለ፤ የጋለ ዘይት ላይ ሽንኩርት ሲወድቅ እንደሚንቸሰቸሰው ያለ። እሱን ከሥሩ አሳጥራ ስትቆርጠው «ጠጭ» ይላል። ድሙንና ጠጩን እንደ ዶቃ ትደረድርና የመጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር ታስረዋለች። ከዚያ በኋላ ራሱን በራሱ እየዞረ ሲመታ ይውላል። ይህን ነው ሉፕ የሚሉት። እጅ የለው፣ አይደክመው፣ ምሳ ልብላ አይል።

በጭሮ ከተማ ይህን ሥራ ሥራ ነው የሚል ሰው አልነበረም። ጎረቤቱ ልጅቷ ፊልም እያየች ዓይኗን የምታጠፋ ነበር የሚመስለው። እናቷ፣ ሎሚ፣ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ከወለጋ ተመድባ መጥታ እዚሁ የቀረች፣ ጥርት ያለች ሴት። እሷም ቢሆን ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ግን ልጇ ሥራው ላይ ስትቀመጥ ፊቷ እንደሚበራ አይታለች። ለእናት ይኸው ይበቃል።

አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚገባው፤ እሱም አልወደደላትም። ፋሩቅ የሠርግ ኪቦርድ መቺ ነው። ከመሰላ እስከ ገለምሶ ያለእሱ ሴት ልጅ አልተዳረችም ብሎ የሚያወራው ራሱ ነው፤ ግማሹ እውነት ነው። የፋሩቅ ጭንቀት ኪቦርዱ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ምት ማርጀቱ ነበር። ሰው ሰልችቶታል። መሰላ ላይ በነበረ አንድ ሠርግ፣ የሙሽራው ወገን ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ዋለ። ለሠርግ መቺ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። እናም አዲስ ከበሮ ይፈልግ ነበር። ፌኔት የሠራችውን ሁሉ ወሰደችለት፤ ሰምቶ መለሰላት። ሌላ ወሰደችለት፤ እሱንም መለሰላት።

«ይሄ የኮምፒውተር ከበሮ ነው» አላት። «እኔ እንደሆንኩ ተኝቼም ብሆን አውቀዋለሁ። የሐረርጌ ሰው ደግሞ ለኮምፒውተር አንገቱን አይነቀንቅም።»

አሁን መቻራ ላይ ትልቅ ሠርግ ነበር። የቡና ነጋዴ ልጅ ናት የምትዳረው፤ እሑድ። ፋሩቅና ቡድኑ መንገዱ ስለማይታመን ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ሊነሡ ተቀጣጥረዋል። ድሬዳዋ ያለ አንድ ልጅ ምቶች ልኮለታል፤ ስልኩ ላይ አሉ። የሷ ካልጣመው የሱን ይዞ ይሄዳል። ፌኔት ደግሞ የፈለገችው ድምፁ እንዲሄድ ብቻ አልነበረም፤ ራሷ ሄዳ፣ ከማሽኑ ፊት ቆማ፣ የገዛ ምቷ ሰው ሲያስነሣ ማየት ነበር የፈለገችው። እናቷ ከወሰዱሽ ሂጂ፣ መቻራ ጤና ጣቢያ ካለች ጓደኛዬ ዘንድ ታድሪያለሽ ብላታለች። የቀረው ፋሩቅ ነበር። ፋሩቅ ደግሞ ውሰደኝ ስትለው ሳቀባት።

በሠፈሩ ከበሮ ያለው ቤት የለም፤ ጀሪካን የሌለው ቤትም የለም። ስለዚህ ባንድ ሳይመጣ በፊት፣ ልጃገረዶች ሙሽራ የሚያጅቡት ቢጫ ጀሪካን ገልብጠው ቂጡን እየመቱ ነው። ፌኔት ያንን ድምፅ ነበር የፈለገችው። በስልኳ ልትቀዳው ሞክራለች፤ ግን ውሻው አብሮ ገባ፣ ባጃጁ አብሮ ገባ፣ የጎረቤት ሕፃን አብሮ አለቀሰ። ተናደደችና ከምንም እሠራዋለሁ አለች። ሳምንታት ታገለችው። ጀሪካን ሆድ አለው፤ ሲመቱት ከድሙ ኋላ ሆዱ ውስጥ አጭር «ኦ» ይቀራል። ያቺን «ኦ» አጣቻት። ስታረዝማት ጉድጓድ ሆነች፣ ስታሳጥራት ሣጥን ሆነች።

ቅዳሜ ጠዋት መብራት መጣ። ፌኔት ፊቷን ሳትታጠብ ላፕቶፑን ሰካች። ከዋናው ድምፅ ሥር ሌላ ትንሽ ድምፅ ጨመረች፣ አንድ ፀጉር ያህል ከፍ አድርጋ፤ ሁለቱ ሲጋፉ መካከላቸው አንድ ባዶ ነገር ተከፈተ። ሆድ። ላፕቶፑ ጀሪካን ሆነ። ልጅቷ በባዶ ቤት ብቻዋን ሳቀች። ጣቶቿ ሳትጠይቃቸው ምቱን ደረደሩት፦ ሁለት ደረቅ፣ አንድ ወፍራም፤ ሁለት ደረቅ፣ አንድ ወፍራም። ከየት አመጣሁት ብላ አላሰበችም። ደስ ያለው ሰው የት ያስባል።

የላፕቶፕ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም፤ እንደ ጉንፋን የያዘው ሰው ነው። የፋሩቅ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ደግሞ እነፌኔት ግቢ ውስጥ ነበሩ፤ የሱ ቤት ጣሪያ ስለሚያፈስ ሎሚ ዘንድ ነው የሚያሳድራቸው። አንዴ ብቻ በትልቁ ልስማው አለች። ሽቦውን ሰካች፣ ድምፁን ከፍ አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

እዚህ ላይ የሠፈሩን ሕግ ያላወቀ ሰው ምኑም አይገባውም። ውኃ ወደዚህ ሠፈር የሚመጣው ሲያሰኘው ነው። ቀን የለው፣ ሰዓት የለው። ስለዚህ ቦኖው መንጠባጠብ ሲጀምር መጀመሪያ ያየ ሰው ጀሪካኑን ገልብጦ ይመታል፤ ሁለት ደረቅ፣ አንድ ወፍራም። ያን የሰማ ልጁንም ወጡንም ጥሎ ይሮጣል። ጥሪው የታመነ ነው፤ በጥሪው የቀለደ ደግሞ ቅጣት አለበት። ውኃ ሳይመጣ የመታ ሰው ክረምት እስኪገባ ድረስ ቦታው የሰልፉ ጭራ ነው። አንድ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር፣ ጀሪካኑ ውስጥ የገባች እንሽላሊት ለማስወጣት ቂጡን ቢደበድብ ሠፈሩን አስወጣ። አላወቅሁም ብሎ ለመነ። አለማወቅ ውኃ አይቀዳም ተባለና እስከ ሰኔ ጭራ ሆነ።

እንግዲህ በዚህ ሠፈር መካከል፣ በፋሩቅ ትልቅ ስፒከር፣ ሁለት ደረቅ አንድ ወፍራም ተለቀቀ።

ሴቶቹ እንዴት እንደወጡ ማየት ነበር። አንዷ በአንድ እግር ጫማ፣ አንዷ ሳሙና በፀጉሯ፤ ጎረምሳው ከአልጋ፣ ሽማግሌው ከጸሎት። ቢሻን ዱፌ፣ ውኃ መጣ እየተባባሉ ወደ ቦኖው ጎረፉ። ቢጫ ጀሪካን በቢጫ ጀሪካን ላይ ተረባረበ። ግፊያው ሲረጋ አንድ ሰው ቧንቧውን ከፈተው፤ ቧንቧው አንዴ አስነጠሰና ዝም አለ። ደረቅ ነው።

ጥሪው ግን አልቆመም። ይመታል። ያለ ድካም፣ ያለ ስሕተት፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ።

የሰልፉን ተራ የሚያስጠብቁት እማማ ሳህሊቱ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ሰው ግን ይቆጥራሉ፤ ተራ ያለፈ ሰው ከሳቸው አያመልጥም። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጆሯቸውን ሰጡ። ይሄ እጅ የሰው ከሆነ ዛሬ ይቆረጣል ብለው ወደ ድምፁ ሄዱ። ሠፈሩ ሁሉ ባዶ ጀሪካኑን እያንኳኳ ተከተላቸው።

ፌኔትን ያገኟት በሌሊት ልብሷ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ስትጨፍር ነው። ዓይኗን ስትከፍት ግቢው በሰውና በቢጫ ተሞልቷል።

«ማነው የመታው?» አሉ እማማ ሳህሊቱ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ። ግን ጀሪካን አልመታሁም።»

«አሁን ደግሞ ጆሮዬን ውሸታም አልሽው?»

ልጅቷ ሮጣ ላፕቶፑን አቆመችው። ፀጥ አለ። ከዚያ በአንድ ጣቷ አንዲት ቁልፍ ነካች፤ ስፒከሩ «ድም» አለ። ከኋላ ሁለት ሰው ደነገጠ። ዙህራ የምትባል ጫት ሻጭ፣ ነገር ካላየች የማታምን፣ ስፒከሩን ዞራ ከጀርባው ጀሪካን ፈለገች። አቧራና አንድ የሞተ በረሮ ነው ያገኘችው። ወላሂ የለም አለች ወደ ሰዉ ዞራ።

ሰው መገረም ጀምሮ ሳይጨርስ፣ ዙህራ ደግሞ ሌላ ነገር አየች። ከሰዉ ሁሉ ፊት፣ ሽርጥ አገልድሞ፣ ሁለት ጀሪካን በሁለት እጁ፣ የጥርስ ሳሙና አረፋ አፉ ላይ እንደደረቀ የቆመው ማን ነው? ፋሩቅ ነው። ቦኖው ጋ ማንም ሳይደርስ የደረሰው እሱ ነበር።

«አንተ ተኝተህም ታውቀዋለህ አልነበር?» አለችው ዙህራ። «ታዲያ ዛሬ ነቅተህ ነው የጠፋህ?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ፋሩቅ አረፋውን በክንዱ ጠረገና ሳቁ እስኪያልቅ መሬት መሬት አየ። መቼም ሞኝ አይደለም፤ ኩራቱ ቢቆስልም ጆሮው ነጋዴ ነው። ወደ ፌኔት ጠጋ ብሎ በፍላሽ ገልብጭልኝ፣ የድሬዳዋውን ልጅ ትቼዋለሁ አላት። ልቧ ዘለለ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ አለችው። እሱማ አይሆንም፣ ኪቦርዱ መቺ አለው፣ መኪናውም ሞልቷል፣ ድምፁን ብቻ ስጪኝ አላት። ልቧ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሁለቱም ግን የጥሪውን ባለቤት ረስተዋል። እማማ ሳህሊቱ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ።

«የት ነው የሚሄደው? ይሄ ድምፅ የትም አይሄድም። እዚሁ ይጠፋል፣ አሁን፣ ዓይኔ እያየ።»

ቅጣቱ ጭራ ነው፣ እሱ ታውቋል፤ ፌኔትም አልተከራከረችም። የማጥፋቱን ነገር ስትሰማ ግን ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችው። እማማ ሳህሊቱ ደግሞ ክፉ ሆነው አልነበረም፤ ነገሩን አርቀው አይተውት ነው። ይሄ ድምፅ ዛሬ ሠርግ ላይ ከተመታ ነገ በሰው ስልክ ውስጥ ነው፤ ከነገ ወዲያ ባጃጁ ሁሉ እየለቀቀው በሠፈር ያልፋል። ሰው አንዴ ይሮጣል፣ ሁለቴ ይሮጣል፣ ሦስተኛው ላይ ይሰለቻል። ያን ጊዜ እውነተኛው ውኃ መጥቶ ቢጠራ ማን ይወጣል? ሕፃን ያላት እናት ተኝታ ይለፋት? ሰዉ ሁሉ እውነት ነው አለ።

ፌኔት መልስ ፍለጋ ሰዉን ስታይ ዓይኗ የዙህራ እጅ ላይ አረፈ። ዙህራ ውኃ እንደሌለ ታውቃለች። ድምፁ የማሽን እንደሆነም አይታለች። ቅድም በአንድ ጣት «ድም» ስትል ግን የዙህራ እጅ የጀሪካኑን እጀታ ጨበጥ አድርጎ ነበር፤ አሁንም እንደጨበጠው ነው። ሌሎቹንም አየች። ሁሉም እጅ እጀታው ላይ ነው። ልጅቷን ሽው ያለ ነገር ከእግሯ እስከ ራሷ አለፋት።

«እማማ» አለች፣ «ፍርዱን እጃችሁ ይስጥ። እኔ ድምፁን እቀይረዋለሁ፣ እናንተ ትሰማላችሁ። እጃችሁ እጀታ ከያዘ ውኃ ነው፤ ከለቀቀ ሠርግ ነው። ማስለቀቅ ካልቻልኩ ራሴ አጠፋዋለሁ፣ ከነዘሩ።»

«እስከ መቼ ነው ቆመን የምንጠብቅሽ?»

«መኪናው እስኪጫን።»

መኪናው ወዲያው ደረሰ። በድሪ የሚሉት ሾፌር ጡሩምባውን ነፍቶ ገባና፣ ምንም ሳይጠይቅ አንዱን ስፒከር ተሸክሞ ወጣ። የቀረው አንድ ስፒከር ነው። እማማ ሳህሊቱ ጀሪካናቸውን ገልብጠው ተቀመጡበት፤ እሺ ማለታቸው ነበር።

ፌኔት ጉልበቷ ላይ ወድቃ ሥራ ጀመረች። መጀመሪያ ድምፁን አቀጠነችው። ሴቶቹ ሰምተው ይቺ የሕፃን ጀሪካን ናት አሉ፤ ባለ አምስት ሊትሯ። እጃቸው ግን ያዘ። አፈጠነችው። የባሰ መጣ፤ ከኋላ ያሉት ግማሹ ተነሡ። ውኃው ሊያልቅ ሲል ነው እንዲህ የሚመታው ተባለች። ሳቁ፣ እሷም አብራ ሳቀች፤ ላብ ግን ጀርባዋን አርሶታል። ሦስተኛ ጊዜ ቅደም ተከተሉን ጭራሽ በተነችው፤ ደረቁን ኋላ፣ ወፍራሙን ፊት፣ እንደ ከተማ ክለብ። እጆች ተለቀቁ። ደስ አላትና ቀና አለች። እጅ ብቻ አልነበረም የተለቀቀው። ፊቱም ተለቅቋል፣ ትከሻውም ተለቅቋል። አንዷ አዛጋች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ዙህራ። «የሞተ ሰው ልብ ነው።»

ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ አለ ፋሩቅ፣ ቀስ ብሎ፣ ሽቦውን ለመንቀል እያጎነበሰ። በድሪም እጁን ምራቅ ቀብቶ ሁለተኛውን ስፒከር ሊያነሣ መጣ። ፌኔት ሁለቱንም በክንዷ ገፋቻቸው። አንዴ፣ አንዴ ብቻ አለች።

ወደ መጀመሪያው ምት ተመለሰች። ሁለት ደረቅ፣ አንድ ወፍራም። እጅ ሁሉ ተመልሶ እጀታ ያዘ። ወፍራሟ ናት የምትጠራቸው አለች በልቧ፤ እሷን ባወጣትስ? አወጣቻት። ሁለት ደረቅ፣ ከዚያ ባዶ። ሁለት ደረቅ፣ ከዚያ ባዶ። እጁ እጀታ ላይ እንዳለ ቆመ፤ አልጨበጠም፣ አልለቀቀም። ሰዉ ሁሉ ባዶዋ ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ያዘ። ግቢው ሁሉ አንድ ደረት ሆነ። በሦስተኛው ዙር ዙህራ የያዘችው ትንፋሽ አመለጣት፤ «ህእ» ብሎ፣ ከጉሮሮዋ ሥር፣ ልክ ባዶዋ ላይ።

ፌኔት እንደ ተወጋ ሰው ዘለለች።

ሸጎዬ። ሸጎዬ ሲጨፈር ከበሮ የለም። ወንዱና ሴቱ ፊት ለፊት ቆሞ አንገቱን ሲወረውር ከበሮው የገዛ ትንፋሹ ነው። እሷ ሳምንታት ሙሉ ቆዳና ሆድ ስትፈልግ፣ የሰዉ ደረት ውስጥ ያለውን ከበሮ ረስታ ነው የከረመችው። ትንፋሽ ደግሞ ምንድን ነው? ያው የሚንቸሰቸሰው ድምፅ ነው፤ እስከ ዛሬ እያሳጠረች «ጠጭ» ስታደርገው የኖረችው። አሁን አላሳጠረችውም። ሳበችው። መነሻውን አለዘበችው፣ መካከሉን አሳበጠችው፣ መጨረሻውን በጉሮሮ እንደሚዘጋ ሰው ቆረጠችው። የሚሮጥ በሬ ቀንድ እንደያዘ ሰው ሆና ነው የሠራችው። ትንፋሹን ባዶዋ ላይ አስቀመጠችው። ያወጣቻትን ወፍራም ድምፅ መልሳ አመጣቻት፤ ግን በቦታዋ አይደለም፣ ከትንፋሹ ኋላ፣ ትንሽ ዘግየት ብላ፣ እንደምትኮራ ሙሽራ። ከዚያ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አሠረችና ለቀቀችው።

ሁለት ደረቅ። ህእ። ድም።

ሁለት ደረቅ። ህእ። ድም።

የዙህራ ፊት እንደተቆጣ ነው፤ አንገቷ ግን ከዳት። በመጀመሪያ ትንሽ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው። በሁለተኛው ሻሿ ተንሸራተተ። ጀሪካኗን መቼ እንደለቀቀችው አላወቀችም፤ ወድቆ ተንከባለለ፣ ማንም አላነሣውም። ከጎኗ ያለችው አንገቷን ሰበቀች። ሳሙና በፀጉሯ የነበረችው ሴት አረፋ ረጨች። ሽማግሌው አስተግፍሩላህ አለ፤ እግሩ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። ስፒከሩን ለማንሣት የመጣው በድሪ ስፒከሩን ደገፍ ብሎ ቀረ። ጀሪካኖቹ በየመሬቱ ተጥለው ግቢው በእውነተኛ ትንፋሽ ተሞላ፤ የማሽኑና የሰዉ «ህእ» እስከማይለይ ድረስ ተደባለቀ።

አንድ እጅ ብቻ ቀርቷል። እማማ ሳህሊቱ ጀሪካናቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ግራ እጃቸው ከጉልበታቸው ሥር እጀታውን ይዟል። አልተነሡም፣ አልነቀነቁም። ጭፈራው እየቀዘቀዘ ሰዉ እየዞረ ያያቸው ጀመር። ፌኔትም አየች። ድምፁን አላቆመችውም። እማማ ሳህሊቱ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ሰነፍ ምስክር እንደሚሰማ ዳኛ፣ አንድ ዙር ሰሙ፣ ሌላ ዙር ሰሙ። ከዚያ እጃቸውን ከእጀታው አንሥተው ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«ውኃ አይደለም» አሉ። «ለውኃ እንዲህ ያለ ትንፋሽ አናባክንም።»

እልልታው ያኔ ፈነዳ።

«ያ የድሮው ግን ይጥፋ» አሉ በእልልታው መካከል። «ጭራውም ጭራ ነው። ጭፈራ ሌላ፣ ተራ ሌላ።»

ፌኔት እሺ ብላ የውኃውን ጥሪ ፊት ለፊታቸው አጠፋችው። አልቆጫትም። ፋሩቅ ወዲያው ፍላሽ ይዞ መጣ፤ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ከሽርጡ ውስጥ ነው። እጁን ዘረጋ። ልጅቷ ላፕቶፑን ዘጋችና ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«እኔ ካልሄድኩ እሱም አይሄድም።»

ፋሩቅ ተቆጣ። ሉፕ ማለት ራሱ የሚዞር ነገር አይደለም ወይ፣ አንዴ ከተነካ ምን ጠባቂ ያስፈልገዋል፣ በግ ነው እንዴ አለ። እሷም አልጮኸችም። ዛሬ ጠዋት ያየችውን ነው የነገረችው።

«ራሱን ያዞራል፤ ሰውን ግን አያይም» አለች። «አንተም ኪቦርድህን ነው የምታየው። እጃቸውን ያየሁት እኔ ነኝ። የመቻራ ሰው ትንፋሹ ረዘም ቢልስ? ክፍተቱን ማን ያሰፋለታል? አንተ? አንተማ ውኃ መጣ ብለህ ትሮጣለህ።»

ከኋላ ዙህራ በሳቅ ተንፈቀፈቀች። ውሰዳት አንተ፣ ይቺን ጥለህ ብትሄድ መቻራ ጀሪካን ይዘህ ነው የምትገባ አለችው። ሰዉም ውሰዳት፣ ውሰዳት አለ። ፋሩቅ መኪናውን አየ፣ ላፕቶፑን አየ፣ መሰላ ላይ ስልኩን ሲነካካ የዋለው ሰው ሳይታወሰው አልቀረም። ተዘጋጂ አላት፤ ጮክ ብሎ አይደለም፣ ግን ብሏል።

ፊቷን የታጠበችው ያን ጊዜ ነው። ከፊት ወንበር፣ ከበድሪ ጎን ተቀመጠች፤ ላፕቶፕ ከኋላ አይንገላታም ብላ። ፋሩቅ ከኋላ ከስፒከሮቹ መካከል ተጣጥፎ፣ ከበዴሳ ጀምሮ በየጉድጓዱ ጣሪያ እየመታ ሄደ። ልጅቷ አላየችውም። መንገዱን ሁሉ ጭኗ ላይ በጣቷ እየመታች፣ ባዶዋ ላይ ትንፋሿን እየያዘች፣ ለብቻዋ ፈገግ እያለች ነበር።

እሑድ መቻራ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። የሙሽራዋ አክስቶች ከፊት ረድፍ፣ የወርቅ ጥርሳቸውን ገጥመው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ እስቲ አስነሡን ብለው የመጡ ሴቶች። ፋሩቅ ኪቦርዱን አሟሟቀ፣ ማይኩን ነፋ፣ ወደ ፌኔት ዞረና ጀምሪ በሚል ዓይን አያት። እሷ ፋሩቅን አላየችም። አክስቶቹን ነው የምታየው።

ነካችው።

ሁለት ደረቅ። ህእ። ድም። አክስቶቹ ዞረው ከበሮውን ፈለጉ፤ ማን ነው የሚመታው፣ የት ነው ያለው ተባባሉ። ከሽቦና ከአንዲት ቀጭን ልጅ በቀር ያዩት የለም። ከመካከላቸው ትልቋ፣ ከሁሉ የተኮሳተረችው፣ ሦስተኛው ባዶ ላይ አገጯን በቀስታ አነሣች፤ አንገቷ ሊሄድ ነው፣ ግን ምቱ ቀደማት። ፌኔት አየችና ክፍተቱን አንድ ፀጉር ያህል አሰፋችው። የሴትየዋ አንገት ገባበት።

ከዚያ ወዲያ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።